ከመስታወቱ በውስጥ በኩል

የመኪና የፊት መስታወት ለማውጣት ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ አንዱ ከውጭ፣ አንዱ ከውስጥ። የውስጧ እኔ ነኝ። አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር፣ ከመናኸሪያው ዝቅ ብላ ባለችው የአጎቴ ሱቅ መሥራት ከጀመርኩ ወዲህ ከውጭ ቆሜ የሠራሁበትን ቀን አላስታውስም። አጎቴ ቀጭን ስለሆንሽ ነው ይላል። እውነቱ ግን ውስጡ ስለሚሞቅና ስለሚያቆሽሽ ነው። እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ፣ አንነጋገርበትም።

አጎቴ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። አስራ ሁለተኛ ክፍል ተፈትኜ ውጤት ሲመጣ አላለፍኩም። ከክፍላችን ያለፉት ጥቂት ስለነበሩ ብዙም አላፈርኩም። እናቴ አለቀሰች። እኔ ስልኬን ዘግቼ የቤቱን አንሶላ ሁሉ አጠብኩ። ትንሽ ቆይቶ አጎቴ መጣና፣ «ቤት ተቀምጠሽ ከምትበሰብሺ ነይና መስታወት ያዥልኝ» አለኝ። ሄድኩ። ሌላ የምሄድበት ስላልነበረኝ እንጂ መስታወት ወድጄ አይደለም። አንድ ቦታ መቀመጥ አልችልም፤ እጄ ሥራ ሲይዝ ግን ጭንቅላቴ ዝም ይላል። ዝም ማለቱ ተስማማኝ።

መስታወት ሁለት ዓይነት ነው፤ የጎማና የሙጫ። የጎማው የድሮ መኪና ላይ ነው ያለው። ዙሪያውን ወፍራም ጎማ አቅፎ ይይዘዋል። አጎቴ ከውጭ የጎማውን ከንፈር በቢላ ይቆርጣል፤ እኔ ወንበሩ ላይ በጀርባዬ ተኝቼ፣ ጫማዬን አውልቄ በካልሲ የላይኛውን ጥግ በእግሬ እገፋለሁ። መርገጥ አይደለም። ጉልበት ታጥፎ ቀስ እየተባለ ነው የሚዘረጋው። መስታወቱ ቦታውን ሲለቅ እግር ላይ ይታወቃል፤ የነበረው ክብደት ባንዴ ይጠፋል። የባጃጅ ሾፌሮች በዚያ ሲያልፉ ይቆሙና ያያሉ።

«እህቴ፣ ምን በደለሽ መኪናው?» አለኝ አንዱ።

«አንተን መስሎኝ ነው» አልኩት።

አጎቴ ሳቁን ለመደበቅ ጎማው ላይ አጎነበሰ።

የሙጫው ይብሳል። አዲስ መኪና ሁሉ የሙጫ ነው። መስታወቱና ቆርቆሮው በጥቁር ሙጫ ይጣበቃሉ፤ ሙጫው ሲደርቅ እንደ ጫማ ሶል ይሆናል። መጀመሪያ መጥረጊያዎቹ ይፈታሉ፣ ከታች ያለው ፕላስቲክ ይነሳል። ከዚያ አጎቴ በወስፌ ሙጫውን ይበሳል። ወስፌው እናቴ ስፌት የምትሰፋበት ነበር፤ ቤት ውስጥ ፈልጋ ፈልጋ ትታዋለች። በቀዳዳው ቀጭን ሽቦ ይገባል፤ ከባጃጅ የፍሪሲዮን ገመድ ተፈትቶ የወጣ ነው። የሽቦው አንዱ ጫፍ ከውጭ አጎቴ ጋ፣ አንዱ ከውስጥ እኔ ጋ፣ ሁለቱም ጫፍ ላይ ከመጥረጊያ እጀታ የተቆረጠ እንጨት ታስሯል። እሱ ሲስብ እኔ እለቃለሁ፣ እኔ ስስብ እሱ ይለቃል። ሽቦው ሙጫውን እየበላ መስታወቱን ይዞራል። ስንሠራ ብዙም አናወራም። መቆም ስፈልግ መስታወቱን ሁለቴ አንኳኳለሁ፤ ይቆማል።

ሌላ ከተማ ሙጫውን የሚያሞቅ የኤሌክትሪክ መሣሪያ አለ ይባላል። እኛ ፀሐይ አለን። አርባ ምንጭ ስድስት ሰዓት ላይ መኪናውን ፊቱን ወደ ፀሐይ አዙረን እናቆመዋለን፤ አጎቴ ሻዩን ይጠጣል፤ ሙጫው ሲለሰልስ እንጀምራለን። ሰው ሁሉ ጥላ ፍለጋ በሚሮጥበት ሰዓት እኔ መኪና ውስጥ እገባለሁ። የጥቁሩ ሙጫ ፍርፋሪ አንገቴ ላይ ይለጠፋል። ማታ በጋዝ ነው የማስለቅቀው።

ይህን የምጽፈው ስለ ወንድሜ ለማውራት ነው። ታላቄ ነው። የሰው መኪና ይነዳል፤ ዶልፊን የሚሉት ሚኒባስ፣ ከአርባ ምንጭ ገረሴ። ይህን መኪና ከማግኘቱ በፊት ለረጅም ጊዜ ሥራ አልነበረውም። ሥራ ሲያጣ አይጠጣም፣ አይሳደብም። አልጋው ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል። በቃ። እናቴ ሳህን እንዳይንኳኳ በጣቷ ጫፍ ትሄዳለች። ሽፈራው የሚሉትን የዛፍ ቅጠል ቀቅላ አጠገቡ ታስቀምጥለታለች፤ ቀዝቅዞ ይመለሳል። ቤታችን አንድ ክፍል ናት፤ በመጋረጃ ነው የምንለየው። ከመጋረጃው በዚያ በኩል የሚተነፍስ ሰው አለ፣ ግን የለም። ያን ጊዜ ነው እኔም ብዙ ነገር መስማት ያቆምኩት መሰለኝ። መኪናውን ሲያገኝ ተነሳ። ጢሙን ተላጨ። ማለዳ ክላክሱን አንዴ እየነፋ ይወጣል። እናቴ ሳህኖቿን እንደ ልቧ ማንኳኳት ጀመረች።

እና መስቀል ሊደርስ ጥቂት ሳምንት ሲቀረው፣ አንድ ሰኞ ከገረሴ ሲወርድ፣ ከፊቱ የነበረ የጭነት መኪና ጎማ ድንጋይ አስፈንጥሮ የፊት መስታወቱን መታው። ስንጥቁ መጀመሪያ የጣት ጫፍ ያክል ነበር፤ ሲቀላ ሲደርስ ከዳር እስከ ዳር ሄዷል። ትራፊክ አስቆመው፤ ታርጋውን ፈታበት።

ባለመኪናው ሴቻ ሰፈር የልብስ ሱቅ ያለው ሰው ነው። ክፉ ሰው አይደለም። ሱቃችን ድረስ መጥቶ መስታወቱን አየና ለወንድሜ፣ «ከጭነት መኪና ኋላ ተለጥፈህ አትንዳ አላልኩህም?» አለው።

«መንገዱ ጠባብ ነው።»

«መንገዱ ለሁሉም ጠባብ ነው። ስማኝ፣ መስቀል እየደረሰ ነው። አገር ሁሉ ወደ ደጋ የሚወጣበት ጊዜ ነው። እስከ ቅዳሜ መኪናዬ መንገድ ላይ ከሆነ ሆነ። ካልሆነ ሌላ ሾፌር አይቻለሁ፤ መስታወቱንም እኔው አስመጣለሁ።»

ወንድሜ እሺ አለ። ፊቱን አየሁት፤ የግድግዳው ፊት መምጣት ጀምሯል። አውቀዋለሁ።

አዲስ መስታወት ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ቅዳሜ ያልፋል። ወንድሜ ግን ገረሴ አንድ ሽማግሌ ግቢ ውስጥ የወደቀ ዶልፊን እንዳለ ያውቅ ነበር። ቦይ ውስጥ ገብቶ ጎኑ ተጨፍልቋል፤ ፊቱ ግን ደህና ነው። ስልክ ደወለ፣ ተስማሙ። በምን እንደተስማሙ አልጠየቅኩም። አርብ ንጋት ላይ አጎቴ፣ ወንድሜና እኔ ድንች ሊጭን በሚወጣ አይሱዙ ተሳፍረን ሄድን። አጎቴ ሽቦውን፣ ወስፌውንና ከመኪና ባሌስትራ ብረት የተቀጠቀጠችውን ቢላ በማዳበሪያ ጠቅልሎ ጉልበቱ ላይ ይዟል። ሽቦውን የሚያንሸራትተው የሳሙና ውሃ በሃይላንድ ጠርሙስ ነው፤ እኔ ይዤዋለሁ።

ገረሴ የእናቴ አገር ነው። እኔ ግን የቆላ ልጅ ነኝ፤ ደጋ የምወጣው ለመስቀል ብቻ ነው፣ ያኔም እሳት ዳር ነው የምቀመጠው። ከመኪናው ስንወርድ ጉሙ እጃችን እስከማይታየን ድረስ ሸፍኖናል። ሽማግሌው ቡልኮ ተከናንበው በር ላይ ቆመዋል። ከአጎቴ ጋር በጋሞኛ ሰላምታ ተለዋወጡ፤ ረጅም ነው ሰላምታው። እኔ እሰማለሁ፣ ስመልስ ግን አማርኛ ይቀድመኛል። ለእኔ ብለው ወደ አማርኛ ዞሩ፤ አማርኛቸው ወንድና ሴት አይለይም።

«ይሄ ልጅ የማን ነው?»

«የእህቴ ልጅ ናት» አላቸው አጎቴ።

«ሴት ነው እንዴ? ሱሪ ለብሶ።»

«ሴት ነኝ፣ አባባ» አልኩ።

«ጥሩ። ሴት እጁ ቀላል ነው። ድንቼን እንዳትረግጥ።»

ድንቹ መኪናው ውስጥ ነበር። መኪናው ከእንሰቶቹ ሥር ጎማ የለሽ ሆኖ ተቀምጧል፤ ከኋላ እስከ ጣሪያው የድንች ጆንያ ሞልቶበታል። የሾፌሩ ወንበር ላይ ዶሮ እንቁላል ታቅፋለች። መስታወቱን ሲያይ አጎቴ በጣቱ ዙሪያውን ዳበሰው፤ ጭረት እንኳ የለውም። ወንድሜ ሳቀ። ከሰኞ ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው።

«ዶሮዋን ላንሳት?» አልኳቸው ሽማግሌውን።

«አይነሳም። ሊፈለፍል ነው። አንተ በዚያኛው በኩል ሥራ።»

በዚያኛው በኩል ገባሁ። የድንቹ አፈር ይሸታል። ዶሮዋ አንድ ዓይኗን አዙራ አየችኝና ተወችኝ። አጎቴ ወስፌውን ሙጫው ላይ አድርጎ ገፋ። አልገባም። በመዶሻ መታ፤ ገባ። ሽቦውን አሳለፍን። ሳበ፣ ሳብኩ። ሽቦው አልሄደም። አርባ ምንጭ ላይ እየበላ የሚሄደው ሽቦ እዚያ ቀንድ ላይ እንደተጠመጠመ ሆነ። ሰውነቴን በሙሉ ወደ ኋላ ጥዬ ስስብ ተበጠሰና ጆንያው ላይ ወደቅኩ። ዶሮዋ ጮኸች።

«ድንቼን!» አሉ ሽማግሌው ከውጭ።

«ድንቹ ደህና ነው፣ አባባ። እኔን ጠይቁኝ።»

ሌላ ሽቦ አስገባን። እሱም ተበጠሰ። አጎቴ በቢላዋ ሞከረ፤ ቢላዋ አንድ ጣት ያህል ገብታ ቆመች። አውጥቶ እጁን በብብቱ ውስጥ አሞቀና፣ «ብርዱ ነው። ሙጫው ድንጋይ ሆኗል። ፀሐይ እስክትወጣ እንጠብቅ» አለ።

«ካልወጣችስ?» አለ ወንድሜ።

«ትወጣለች።»

«አጎቴ፣ ነገ ቅዳሜ ነው።»

«ቅዳሜ መሆኑን አውቃለሁ። ሙጫው ግን አያውቅም።»

ጠበቅን። እኔ መጠበቅ አልችልም፤ ከመኪናው እወጣለሁ፣ እንሰቶቹን እዞራለሁ፣ ተመልሼ እገባለሁ። ወንድሜም እንደኔ ነው፤ ግቢውን ሲመላለስ ጭቃው ላይ መንገድ አወጣ። ጉሙ ቁጭ ብሏል። አጎቴ አይሱዙው ቆይቶ እንዲያነሳን ለሾፌሩ ልደውል ብሎ፣ ስልክ የሚሠራበት ጉብታ ላይ ለመውጣት ሄደ። ለእኔ፣ «በቀዳዳው የሳሙና ውሃ እያስገባሽ ሽቦውን ቀስ እያልሽ አንቀሳቅሺ፤ ሌላ ነገር አትንኪ» አለኝ። ገብቼ እሱን ጀመርኩ። ፊቴ መስታወቱ አጠገብ ነበር። ቅዝቃዜው ሳልነካው ይሰማኛል።

ወንድሜ ያሰበውን አሁን ሳስበው ሞኝነት አይመስለኝም። ሱቃችን ሲመጣ ሁልጊዜ የሚያየው ሁለት ነገር ነው፤ መኪናው ፀሐይ ላይ ቆሞ ሲሞቅ፣ እና አጎቴ መስታወቱ ላይ ውሃ ሲያፈስ። ሙቀትና ውሃ። ቆላ ውስጥ ያደገ ሰው ብርድ መስታወት ውስጥ እንደሚገባ ከየት ያውቃል? እኛ አገር ቀዝቃዛ መስታወት የለም። ማለዳም ለብ ያለ ነው።

ማድ ቤት የሽማግሌው ባለቤት ለእኛ ድንች እየቀቀሉ ነበር። ወንድሜ ሲገባ አይቻለሁ፤ እሳት ሊሞቅ መሰለኝ። ሲወጣ ድስቱን በሁለት እጁ፣ በጨርቅ ይዞታል። እንፋሎቱ ፊቱን ሸፍኖታል። መስታወቱ ፊት ሲቆም ነው ምን ሊያደርግ እንደሆነ የገባኝ። ሁለቴ አንኳኳሁ። ለአጎቴ ቢሆን ይቆም ነበር። ወንድሜ በእኔና በአጎቴ መካከል ያለውን ምልክት አያውቅም፤ በርታ ያልኩት መስሎት ራሱን ነቀነቀልኝ። አፈሰሰው።

ውሃው ከላይ ወደ ታች ወረደ። ለአንድ አፍታ ምንም አልሆነም። መስታወቱ ነጭ ሆነ፣ ወንድሜ ከእንፋሎቱ ጀርባ ጠፋ። ከዚያ ቀጭን ድምፅ ሰማሁ፤ ደረቅ እንጨት እንደሚሰበረው እንኳ አይደለም፣ ከዚያ ያነሰ። ነጩ ሲገፈፍ ከላይኛው ጥግ አንድ መስመር ስንዝር ያህል ወርዶ ቆሟል። ዶሮዋ አልተንቀሳቀሰችም። እኔም አልተንቀሳቀስኩም። ጣቴን መስመሩ ላይ አደረግኩ፤ ከውስጥ በኩል ለስላሳ ነው፣ አይቆረቁርም።

ወንድሜ ባዶውን ድስት እንደያዘ ቆመ። ሽማግሌው መጡና መስታወቱን አዩ፣ ድስቱን አዩ።

«ድንቹስ?» አሉ።

«ማድ ቤት ነው። ውሃውን ብቻ ነው የወሰድኩት» አለ ወንድሜ።

«ጨው ነበረበት» አሉ። ከዚያ ድስቱን ከእጁ ተቀበሉት፤ ቀስ ብለው፣ ከሕፃን እጅ እንደሚቀበሉት።

አጎቴ ከጉብታው ሲወርድ ከሩቅ አየን። ሁላችንም ተሰብስበን ስንጠብቀው ሲያይ ገባው መሰለኝ እርምጃው ቀነሰ። መስታወቱ ጋ ደርሶ ስንጥቁን አጎንብሶ አየ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ» አለ ወንድሜ።

«ሙቅ ነው ወይስ የፈላ?»

«የፈላ።»

አጎቴ ይሰድበዋል ብዬ ጠበቅኩ። ቢሰድበው ይሻል ነበር። «ፀሐይ ቀስ ብላ ነው የምትፈታው» አለ ብቻ፣ «አንተ በአንድ ድስት ልትጨርሰው ፈለግክ።»

ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ወጣች። ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅ ነበር። ጉሙ ተነሳ፣ እንሰቶቹ አብረቀረቁ፣ የመኪናው ቆርቆሮ ሞቀ። አጎቴ፣ «ጀምረን አንተወውም፤ ስንጥቁ ከጥግ ነው፣ ሰውዬው ሊቀበለው ይችላል» አለ። ወስፌው በአንድ ግፊት ገባ። ሽቦው ሄደ። ሳበ፣ ለቀቅኩ፤ ሳብኩ፣ ለቀቀ። ስንጥቁ ጋ ስንደርስ በጣም ቀስ አልን። ወንድሜ፣ አጎቴ ያዝ ሲለው ይይዛል፣ ልቀቅ ሲለው ይለቃል። መስታወቱ ሲወጣ የመኪናው ፊት ክፍት ሆኖ ቀረ። ነፋሱ የዶሮዋን ላባ ገለጠው። ሽማግሌው ማዳበሪያ አምጥተው ጋረዱላት። ድንቹን በዳጣ በላን። ወንድሜ አልበላም።

መስታወቱን በተዋስነው ቡልኮ ጠቅልለን አይሱዙው ላይ፣ የድንች ጆንያዎቹ ላይ አስተኛነው። አጎቴ ጋቢና ገባ። እኔና ወንድሜ ከኋላ ግራና ቀኝ ያዝነው። መንገዱ ኮረኮንች ነው። መኪናው በዘለለ ቁጥር ቡልኮውን ገለጥ አድርጌ አያለሁ።

«አደገ?» ይለኛል ወንድሜ።

«አደገ።»

ትንሽ ቆይቶ፣ «አሁንስ?»

«አሁንም።»

ከዚያ መጠየቁን ተወ። እኔም መግለጤን ተውኩ። ቆላው እየቀረበ ሲመጣ አየሩ ሞቀ፤ ጃኬቴን አወለቅኩ። ከሩቅ አባያ ሐይቅ ቡናማ ሆኖ ይታያል። ወንድሜን ምን ልበለው ብዬ አሰብኩ። አይዞህ የሚለው ቃል ከአፌ አይወጣም፤ ሰው አይዞሽ ሲለኝም አልወድም። እጁ ብርድ ስለያዘው ቀልቷል። የሳሙና ውሃውን ሃይላንድ አቀበልኩትና ፈሰስ አድርጎ እጁን ከአፈሩ አጸዳ። ያደረግኩለት ይሄን ብቻ ነው።

ባለመኪናው በማግስቱ ጠዋት ሱቃችን መጣ። ስንጥቁ እስከ መሃል ደርሷል። ሰውዬው ጎንበስ ብሎ በመስመሩ ላይ ጣቱን አስኬደው።

«የተሰነጠቀ አውጥቼ የተሰነጠቀ ላስገባ?» አለ።

«ጥፋቱ የብርድ ነው» አለ አጎቴ። «ልጁ ብዙ ለፍቷል። ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ታገሰው።»

«አልቆጣሁትም። ግን ገበያው አይጠብቀኝም፤ ለሌላው ሾፌር ደውያለሁ።»

ወንድሜ ቁልፉን ከኪሱ አወጣ። ቁልፉ ላይ ክር ነበረው፤ ክሩን ፈትቶ ለራሱ አስቀረና ቁልፉን ሰጠ። ሰውዬው አመስግኖ ተቀበለ። ማንም ድምፁን አላነሳም። አንዲት ሴት ለባጃጇ የጎን መስታወት ልትጠይቅ መጣች፤ አጎቴ አስተናገዳት።

አዲሱ መስታወት በአውቶቡስ ተጭኖ መጣ። አዲሱ ሾፌርም ከሶዶ መጣ፤ ወጣት ነው፣ ትሁት፣ መንገዱን ገና አያውቀውም። ስድስት ሰዓት ላይ ዶልፊኑን ፊቱን ወደ ፀሐይ አዞርነው። እኔ ገባሁ። የሾፌሩ ወንበር ወደ ኋላ እንደተገፋ ነው፤ ወንድሜ እግሩ ረጅም ነው። አሮጌው መስታወት ወዲያው ወጣ። ሽቦው ሲሄድ እንኳ አይሰማም። ላቡ ዓይኔ ውስጥ ገባ። አጎቴ ሳብ አለኝ፤ ሳብኩ። ሲያልቅ አዲሱ ሾፌር ቀዝቃዛ ውሃ ገዝቶ ሰጠኝ፣ «ጎበዝ ነሽ፣ የኔ እህት» አለኝ። አመሰገንኩት። የማን እህት እንደሆንኩ አልነገርኩትም። ምን ያደርግለታል?

ቤት ስገባ ወንድሜ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል። እናቴ በጣቷ ጫፍ እየሄደች ነው። ጸጉሬን በጋዝ እየጠረግኩ መጋረጃውን አየሁት። ብዙ ቀን እንዲህ ሆነ። አንድ ማታ እናቴ በሹክሹክታ፣ «አናግሪው እንጂ፤ እኅቱ አይደለሽ?» አለችኝ። መጋረጃውን ገለጥኩና፣ «ለመስቀል ገረሴ ትሄዳለህ አትሄድም?» አልኩት።

«አልሄድም።»

«እናታችን ብቻዋን የመስቀሉን ስልቻ አትሸከምም።»

«አንቺ ትሸከሚያለሽ።»

«እኔ መስታወት ስሸከም ነው የከረምኩት። ተነስ።»

አልተነሳም። ለመስቀል ግን እናቴ አልለቀቀችውም። መስቀል አገሯ ካልዋለች ዓመቱን ሙሉ አይሆንላትም። ማለዳ አልጋው ጫፍ ላይ ነጠላዋን ለብሳ ቁጭ አለች፤ እስኪነሳ አልሄድም አለች። ተነሳ። ጢሙን አልተላጨም።

መናኸሪያው ሕዝብ ነው። የደጋ ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ይወጣል፤ ዶሮ፣ ቅቤ፣ አዲስ ልብስ በፌስታል። መኪና እንደቆመ ይሞላል። ተገፍተን ተገፍተን ሦስት ቦታ ያለው አንድ መኪና አገኘን። አዲሱ መስታወት በፀሐይ ያብለጨልጫል፤ ዳሩ ላይ የአጎቴ የጣት አሻራ ገና አለ። ወንድሜ ቆመ። እናቴ መኪናውን አላወቀችውም፤ ለእሷ ዶልፊን ሁሉ አንድ ነው። መንገድ ስለሚያጥወለውላት ጋቢና ገብታ በመስኮቱ በኩል ተቀመጠች፤ «ና እንጂ፣ ግባ» አለችው። ገባ። እሷን አልፎ መሃል ላይ፣ ከሾፌሩ አጠገብ። እኔ ከኋላቸው ተቀመጥኩ።

አዲሱ ሾፌር በኋላ ማሳያው መስታወት አየኝና፣ «አህ፣ የመስታወቷ ልጅ! ዛሬም ከውስጥ ነሽ?» አለ።

«ዛሬ ከኋላ ነኝ» አልኩት።

እስከ ዳገቱ ድረስ መኪናው ደህና ሄደ። ዳገቱ ሲጀምር ጉሙ መጣ። ሾፌሩ መብራቱን አበራ፣ ወደ መሪው ተጠጋ። መንገዱን አያውቀውም፤ የተገተረ አንገቱ ይናገራል። መኪናው በተሳሳተ ማርሽ ሲያቃስት ተሰማኝ።

«ቀንስ» አለ ወንድሜ። ድምፁ ዝግ ያለ ነው፤ ከስንት ቀን በኋላ ከአልጋ ውጭ ሲናገር የሰማሁት። «ከዚህ ኩርባ በኋላ መንገዱ በቀኝ ተበልቷል። ግራ ያዝ።»

ሾፌሩ ግራ ያዘ። በመስኮቱ በቀኝ በኩል የተበላው መንገድ ሲያልፍ አየሁት።

«አሁን ክላክስ ንፋ፤ ከላይ አይሱዙ ይወርዳል።»

ነፋ። ትንሽ ቆይቶ አይሱዙ ከጉሙ ወጣ፤ ተላለፍን። እናቴ ዓይኗን ጨፍናለች፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ወንድሜ ቀኝ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎታል። በየኩርባው ጭኑ ይገተራል፤ ፍሬን የሌለበትን ወለል እየረገጠ ነው። እስከ ገረሴ እንዲሁ ሄድን፤ እሱ ይናገራል፣ ሾፌሩ ያደርጋል። ተሳፋሪው አላስተዋለም። ከኋላዬ ሰዎች ስለ ቅርጫ ሥጋ ይከራከራሉ።

ገረሴ ስንደርስ ወንድሜ ቀድሞ ወረደ፤ የእናቴን ስልቻ ትከሻው ላይ አድርጎ፣ እጇን ይዞ ወደ ላይ ወጣ። እኔ መጨረሻ ወረድኩ። ሾፌሩ በሩ አጠገብ ቆሞ ጣቶቹን ያፍታታል፤ ላቡ በብርዱ ውስጥ ይታያል።

«ወንድምሽ ነው?» አለኝ።

«ነው።»

«ሾፌር ነው እንዴ?»

ወንድሜ ጉሙ ውስጥ ሊጠፋ ጥቂት ቀርቶታል። ስልቻው ትከሻው ላይ ከፍና ዝቅ ይላል።

«አዎ» አልኩት፤ «ሾፌር ነው።» ጃኬቴን ቆልፌ ተከተልኳቸው።